ሐኪምን በስልክ ማማከር፤ ጥቅሙና ወሰኑ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



የንግግሬን አርእስት ራሴ እንድመርጥ በተፈቀደልኝ ጊዜ፥ ስለ ጠፈር ጉዞ ወይም ስለ ታላላቅ ነገሥታት ታሪክ እንድናገር የመከሩኝ ጓደኞች ነበሩ። እኔ ግን የራቀውን ነገር ትቼ በቤቴ የደረሰውን ነገር መረጥሁ። ይኸውም በዛሬው ጊዜ «የርቀት ሕክምና» የሚባለው፥ ሕመምተኛው በቤቱ ሐኪሙም በሥራ ቦታው እንዳሉ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚገናኙበት አሠራር ነው።

ይህን አርእስት የመረጥሁት ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም። ሐኪም ለመሆን እመኛለሁ እንጂ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ይኸው ስልክ አያቴን ሲጠቅማት፥ ታናሽ ወንድሜን ደግሞ ለሞት ሊያደርሰው ጥቂት ሲቀረው በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለቱም ጊዜ ስልኩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው።

አስቀድሜ ግን ነገሩ ትናንት የተወለደ አለመሆኑን ላስረዳ። የውጭ አገሩን ታሪክ ዘመን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አድማጮቼ ይረዱልኝ።

በ1816 በፓሪስ ከተማ ኔኬር በሚባለው ሆስፒታል ሬኔ ላኤኔክ የሚባል ሐኪም ነበረ። በዚያን ዘመን ሐኪም የሰውን ልብ የሚያዳምጠው ጆሮውን በደረቱ ላይ ለጥፎ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ታማ በመጣች ጊዜ ግን እንዲህ ማድረጉ ነውር ስለ መሰለው፥ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በደረቷ ላይ፥ ሌላውን ጫፍ በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧም ድምፅ ከለመደው ይልቅ ጥርት ብሎ ተሰማው። ዛሬ በሐኪሞች አንገት ላይ የምናየው የማዳመጫ መሣሪያ የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው። እንግዲህ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ርቀትን ካስገቡት መሣሪያዎች አንዱ ያ የወረቀት ጥቅል ነበር ማለት ይቻላል። ርቀቱ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። ርቀት ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ አንዳንዱ ርቀት ይበልጥ እንድንሰማ ይረዳናል።

በ1905 ደግሞ በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ቪለም አይንትሆቨን የሚባል ሊቅ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው በጣም ከባድ ስለ ነበረ ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ አልተቻለም። ስለዚህ መሣሪያውን ወደ ሕመምተኛው በማጓጓዝ ፈንታ፥ የሕመምተኛውን የልብ ምት በቴሌፎን ሽቦ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል አሻግሮ በቤተ ሙከራው ተቀበለው። ይህ ሰው በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው ግን የአውስትራሊያ ታሪክ ነው። በዚያ አገር በረሓ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ከጎረቤታቸው እንኳ እጅግ ርቀው ይኖራሉ። በ1928 ጆን ፍሊን የሚባል ቄስ በክሎንከሪ ከተማ የበራሪ ሐኪሞችን አገልግሎት አስጀመረ። አውሮፕላኑ ቢኖርም የታመመ ሰው መኖሩን ለሐኪሙ የሚያስታውቅ ካልተገኘ ከንቱ ነው። ስለዚህ አልፍሬድ ትሬገር የሚባል መሐንዲስ እንደ ብስክሌት በእግር እየተረገጠ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሬድዮ ሠራ፤ ከ1929 ጀምሮም በየቤቱ ይተከል ጀመር። በ1942 ደግሞ ለየመንደሩ የመድኃኒት ሣጥን ታደለ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ቍጥር ተሰጠው። ሐኪሙ በሬድዮ «ከዚህ ቍጥር ይህን ያህል ስጡት» ሲል፥ የመድኃኒቱን ስም ማንበብ የሚቸግረው ሰው እንኳ አይሳሳትም። ከጊዜም በኋላ የሰው አካል ሥዕል በየክፍሉ ቍጥር ተጽፎበት ተጨመረ፤ ሕመምተኛውም «የሚያመኝ በዚህ ቍጥር ላይ ነው» ይል ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለመርከበኞችም በ1935 በሮም ከተማ በባሕር ላይ ለሚታመሙ ሰዎች በሬድዮ ምክር የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሞ፥ የሬድዮው ሊቅ ማርኮኒ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኗል። በ1968 የቦስተን ከተማ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ከአውሮፕላን ማረፊያው ክሊኒክ ጋር በቴሌቪዥን ተገናኝቶ ሕመምተኞችን አይቷል። በ2001 ደግሞ ፕሮፌሰር ዣክ ማሬስኮ በኒው ዮርክ ተቀምጠው፥ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የተኛችን ሴት ሐሞት ከረጢት በሩቅ በሚታዘዝ መሣሪያ አወጡ። በመካከላቸው ውቅያኖስ ነበረ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራም መሥመር ተዘርግቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሕንድ አገር ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በመገናኛ መሥመር ተያይዞ፥ የሁለቱ አገር ሐኪሞች ስለ ሕመምተኞች መመካከር ጀመሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን በተገኘ ጊዜም፥ ሕዝቡ በ8335 እየደወለ እንዲጠይቅና ምልክቱን እንዲያስታውቅ ተነግሮት ነበር። በዚያ ዓመት ሰው ሐኪም ቤት መሄድን ስለ ፈራ በዓለም ሁሉ የስልኩ ሕክምና ገነነ። በአሜሪካ ሜዲኬር በሚባለው የሽማግሌዎች የሕክምና መድን በርቀት የተደረገው ጉብኝት በ2019 እ.ኤ.አ. 840 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2020 ግን 52.7 ሚሊዮን ደረሰ። አስገዳጅ ዘመን ሰዎች ቀስ ብለው የሚማሩትን ነገር በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ።

አያቴ የምትኖረው ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ በሚያስኬድ የገጠር መንደር ነው። ደም ብዛት ካደረባት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቀድሞ በየወሩ ወደ ከተማው ሆስፒታል እንድትመጣ ታዝዛ ነበር። መምጣት ማለት ግን እንዲህ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ መሄድ፥ አውቶቡስ መጠበቅ፥ በዘመድ ቤት ማደር፥ በማግሥቱ ካርድ ለማውጣት መሰለፍ፥ ሐኪሙን ለጥቂት ደቂቃ ማየት፥ ከዚያም በመጡበት መንገድ መመለስ። ለመሳፈሪያው ዶሮ ይሸጣል፤ ዶሮ ካለቀ በግ ይሸጣል። በዚህ ምክንያት አያቴ ሻል ያላት በመሰላት ጊዜ ሁሉ ኪኒኗን ታቋርጥ ነበር። ደም ብዛት ደግሞ ሕመም ሳያሰማ የሚጎዳ በሽታ ነውና፥ ደኅና ነኝ ማለት ደኅና መሆን አይደለም።

ባለፈው ዓመት ግን ሐኪሙ አንድ መላ መታ። አስቀድሞ በእጁ መረመራት፤ ልቧን አዳመጠ፤ ደሟንና ሽንቷን አስመረመረ። ከዚያ በኋላ በአቅራቢያዋ ባለው ጤና ጣቢያ ነርሷ ግፊቷን እየለካች በስልክ እንድታስታውቀው፥ እርሱም በቪዲዮ እያነጋገራት የኪኒኑን መጠን እንዲወስን ተስማሙ። እኔም በዕረፍት ጊዜ ከእርሷ ጋር ስለ ነበርሁ ስልኩን የያዝሁት እኔ ነኝ። አያቴ ያን ዕለት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ቀረበች። ስልኩን በመሬት ላይ ልደግፈው ስል «ተይ ልጄ፥ ሐኪም በመሬት አይቀመጥም» ብላ በርጩማ አስመጣች። ሐኪሙ በመስታወቱ ላይ ብቅ ብሎ «እማማ እንደምን ዋሉ?» ሲላት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እኛ ሣቅን፤ ነገር ግን በኋላ ሳስበው እርሷ ከእኛ ይልቅ ነገሩን በትክክል ተረድታው ነበር። የመጣው ስልክ ሳይሆን ሐኪም መሆኑን ዐውቃለች።

ከዚያ ወዲህ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ የነበረው ጉዞ ወደ ሦስት ወርዷል። ኪኒኗንም አላቋረጠችም። በጎቹም በደጅ አሉ።

እንግዲህ የርቀት ሕክምና በሦስት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው እንዲህ እንደ አያቴ በድምፅ ወይም በቪዲዮ መነጋገር ነው። ሁለተኛው የራጅ ምስልን ወይም የቆዳ በሽታን ፎቶግራፍ ልኮ መልሱን ቆይቶ መቀበል ነው፤ ይህም መሥመሩ ደካማ በሆነበት አገር ይጠቅማል። ሦስተኛው በቤት የተለካውን የደም ግፊት ወይም የስኳር መጠን ለሐኪሙ በየጊዜው ማስታወቅ ነው።

ለረጅም ጊዜ ክትትል ለሚያሻቸው በሽታዎች ሁሉ ይህ መልካም ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለወራት በየቀኑ መዋጥ አለበት። ቀድሞ ሲውጥ የሚያየው ሰው ፊት መቅረብ ነበረበት፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሣሪያው ባለበት አገር በቪዲዮ ማየትም እንዲበቃ ፈቅዷል። የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰውም መንደሩ ሳያየውና ሳያማው ከሐኪም ጋር መነጋገር ይችላል።

ስለ አገራችን ሰዎች በውጭ አገር ስናስብ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ይገለጣል። የጎረቤታችን ልጅ በዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ትኖራለች። ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጭ ከበር አትወጣም፤ የአገሩንም ቋንቋ ገና አልለመደችም። ታማ በነበረ ጊዜ አዲስ አበባ ወዳለ ሐኪም ደውላ በአማርኛ ሕመሟን ተናገረች። ሐኪሙም ለአሠሪዋ የምታሳየውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ላከላትና ወደ ክሊኒክ ተወሰደች። በአሜሪካም ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶቻችን አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይቀርብላቸዋል። አፍ የሌለው በሽተኛ አፍ አገኘ ማለት ነው።

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ወሰኑስ የት ነው? ይህን የምናገረው በኀፍረት ነው።

ባለፈው ሐምሌ ወር አባታችንና እናታችን ለለቅሶ ወደ ሌላ አገር ሄደው ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድሜ ሆዴን አመመኝ አለ። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ መሰለኝ። እኔም በአያቴ ነገር ተደስቼ ስለ ነበር፥ በስልክ ምክር ወደሚሰጥ አንድ ሐኪም ደወልሁ። ወንድሜን ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም።

ሐኪሙ «የት ላይ ነው የሚያመው?» አለኝ፤ «በእምብርቱ ዙሪያ» አልሁ። «ትኵሳት አለው?» አለኝ፤ እጄን በግንባሩ ላይ አድርጌ «ትንሽ» አልሁ። «ከእምብርቱ በታች በቀኝ በኩል ጫን ስትዪው ያመዋል?» አለኝ። እኔም በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ በሌላው እጄ በቀስታ ነካ አደረግሁት። ወንድሜ መርፌ እንዳይወጋ ፈርቶ ራሱን ነቀነቀ። እኔም «አያመውም» ብዬ መለስሁ። ሐኪሙ ምናልባት የወስፋት ወይም የነፋስ ነገር ይሆናል ብሎ የሚሰጠውን ነገረኝ። መሥመሩ እየተቆራረጠ ስለ ነበር የመጨረሻውን ቃል አልሰማሁትም። አባቴ በኋላ በደወለለት ጊዜ፥ የመጨረሻው ቃል «እየባሰ ከሄደ ሳይነጋ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚል እንደ ነበር ተረዳን።

በማግሥቱ እናቴ ገባች። ወንድሜ ሊቀበላት ወደ በሩ ሲሄድ አየችው። ምንም አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ አዝላው ወጣች። በጤና ጣቢያው ነርሷ ሆዱን በቀኝ በኩል ቀስ ብላ ተጭና በድንገት ስትለቀው ልጁ ጮኸ። ትርፍ አንጀት ነበር። ወደ ሆስፒታል ተልኮ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙም ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ይፈነዳ እንደ ነበር ነገረን። ወንድሜ ዛሬ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ይሥቃል፤ እኔ ግን ገና አልሣቅሁም።

እናቴን «እንዴት ዐወቅሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጐብጦ ሲሄድ አየሁት» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጥያቄ መካከል «ተነሥቶ ይሂድ እስቲ» ያለ አልነበረም። ሕመምተኛ በሐኪም ቤት በር ሲገባ ምርመራው ተጀምሯል፤ አካሄዱ፥ የፊቱ መልክ፥ የትንፋሹ ሽታ፥ የእጁ ላብ ሁሉ ይናገራሉ። በስልክ ግን የተጠየቀው ብቻ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ስልኩን የያዘው ሰው የተረዳው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ወሰን እንግዲህ ይህ ነው፤ ስልክ እጅ የለውም።

ሁለተኛው ወሰን የቋንቋ ነው። እኛ «ልቤን ያቃጥለኛል» ስንል ብዙ ጊዜ የምንለው ጨጓራችንን ነው። «ወጋኝ»፥ «ቈረጠኝ»፥ «ምች መታኝ» እንላለን። ሰውየው በሐኪሙ ፊት ቢሆን በጣቱ ያመለክታል፤ በስልክ ግን ጣት አይታይም። የአውስትራሊያ ሰዎች የሰውን አካል ሥዕል በቍጥር የከፈሉት ለዚህ ነበር። ብዙ ዓመት ያለፈው የእነርሱ ጥበብ ዛሬም ብልህነት ነው።

ሦስተኛው፥ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ለሁሉ ሰው እኩል አለመሥራታቸው ነው። በጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ አለ፤ በኮሮና ጊዜ ብዙ ሰው በቤቱ ይለካበት ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ግን፥ ይህ መለኪያ የኦክስጅንን እጥረት ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ በጥቍር ሕመምተኞች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ ገልጧል። የቆዳ በሽታም እንዲሁ ነው፤ በመጽሐፍ «ቀይ ሽፍታ» የተባለው በእኛ ቆዳ ላይ ሁልጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ በፎቶግራፍማ ይበልጡን ይሰወራል።

አራተኛው፥ ያላየ ሐኪም መድኃኒት ማብዛቱ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሳልና በጕንፋን ዓይነት በሽታ ስለ ታመሙ ሕፃናት ሲናገር፥ በስልክና በቪዲዮ ከታዩት ከመቶው 52ቱ፥ በአስቸኳይ ክሊኒክ ከታዩት 42ቱ፥ በራሳቸው ሐኪም ፊት ለፊት ከታዩት ግን 31ዱ ብቻ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንደ ታዘዘላቸው ገልጧል። ይህ መድኃኒት ያለ ምክንያት ሲበዛ ተሕዋስያኑ ይለምዱታል፤ ባስፈለገ ጊዜም አይሠራም።

አምስተኛው የምሥጢር ነገር ነው። ብዙዎቻችን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከወላጆቻችንና ከወንድሞቻችን ጋር እንኖራለን። አንዲት ልጅ ለሐኪም ብቻ የምትናገረውን ነገር ሁሉ ቤተ ሰቡ እየሰማ እንዴት ትናገራለች? የሐኪም ቤት በር ሲዘጋ የሚሰጠው ነጻነት በስልክ አይገኝም።

ስድስተኛው የገንዘብና የመሥመር ነገር ነው። ስማርት ስልክ፥ ካርድ፥ ባትሪና ኔትዎርክ ያለው ሰው ከሐኪም ጋር ሲነጋገር፥ እነዚህ የሌሉት ከሁሉ ይልቅ ሐኪም የራቃቸው ሰዎች ናቸው። ከዚህም በቀር አገልግሎቱ በአንድ ኩባንያ ላይ ብቻ የተመሠረተ እንደ ሆነ፥ ኩባንያው ሲወድቅ እርሱም ይወድቃል። በሩዋንዳ አገር በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት ባቢል የሚባለው የስልክ ሕክምና፥ በእንግሊዝ አገር ያለው ባለቤቱ ኩባንያ በ2023 በከሠረ ጊዜ ተቋርጧል። ጤና ጣቢያ ግን ስልክ ቢዘጋም በቦታው አለ።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ታዲያ ስልኩን እንጣለው? አይደለም። አያቴን የጠቀማትና ወንድሜን የጎዳው አንድ ዓይነት ስልክ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነበር? ሐኪሙ አያቴን አስቀድሞ በእጁ መርምሯት ነበር፤ ወንድሜን ግን ማንም አልመረመረውም። በአያቴ አጠገብ መለካት የምታውቅ ነርስ ነበረች፤ በወንድሜ አጠገብ የነበርሁት እኔ ነኝ። የአያቴ በሽታ በወራት የሚለካ ነበር፤ የወንድሜ ግን በሰዓት። በእኔ አስተያየት ነገሩ ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ይጠቃለላል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ የርቀት ሕክምና ፊት ለፊት የሚደረገውን ሕክምና የሚያግዝ እንጂ የሚተካ እንዳይሆን አሳስቧል።

ስለዚህ ከደረሰብኝ ነገር የተማርሁትን በአጭሩ ላቅርብ።

ለወላጆች፤ የደረት ሕመም፥ የትንፋሽ ማጠር፥ ብዙ ደም መፍሰስ፥ መንቀጥቀጥ፥ ራስን መሳት፥ የነፍሰ ጡር ደም ወይም ምጥ፥ ጡት እንቢ ያለ ሕፃን፥ በየሰዓቱ የሚብስ የሆድ ቍርጠት ሲያጋጥም ስልክ ሐኪም ቤት አይሆንም። ስልኩ መኪና ለመጥራት ይዋል። የማታውቁት ሰው በስልክ መድኃኒት ልሽጥላችሁ ቢልም፥ ማን እንደ ሆነና የት እንደሚሠራ ሳትጠይቁ አትስሙት።

ለጓደኞቼ፤ በየቤታችን ስልኩን የምንይዘው እኛ ነን። ለአያቶቻችን የምናነበውና የምናስተረጕመው እኛ ነን። ከመደወላችን በፊት ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፥ የትኵሳቱን መጠንና የሚወሰደውን መድኃኒት ስም በወረቀት እንጻፍ። ሕመምተኛው አፍ ካለው እርሱ ራሱ ይናገር፤ በእርሱ ፈንታ አንመልስ። የማናውቀውን «አላውቅም» እንበል፤ እኔ «አያመውም» ከማለት «አላውቅም» ብል ኖሮ ሐኪሙ ሌላ ነገር ይለኝ ነበር። ሐኪሙ የተናገረውን ስልኩ ሳይዘጋ ደግመን እንንገረው፤ መሥመሩ ከተቋረጠም መልሰን እንደውል። ሕመምተኛው ብቻውን መናገር ከፈለገ ስልኩን ሰጥተነው ወደ ደጅ እንውጣ።

ሥልጣን ላላቸው ደግሞ እንዲህ ብዬ እለምናለሁ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ የተደረገው፥ ጤና ወደ ሰው በር እንድትመጣ ነበር። የስልኩ ሕክምና እነዚህን ሴቶች የሚያስቀር ሳይሆን የሚያጠናክር ይሁን። ስልኩን በታመመው ሰው እጅ ብቻ ከማኖር፥ መንካትና መለካት በሚያውቅ ሰው እጅ ብታኖሩት በእጥፍ ይጠቅማል።

ንግግሬን በላኤኔክ እንደ ጀመርሁ በእርሱ ልፈጽም። ያ ሐኪም ወረቀቱን የጠቀለለው ከሕመምተኛዋ ለመራቅ ብሎ አልነበረም፤ ክብሯን ጠብቆ ልቧን ለመስማት ነበር። መሣሪያ ሁሉ የሚፈረደው በዚህ ነው። ሐኪሙ ይበልጥ እንዲሰማ ከረዳው ጥሩ ነው፤ ሰማሁ ብሎ እንዲተኛ ካደረገው ግን ወረቀትም ቢሆን ስልክም ቢሆን ክፉ ነው።

እኔም እግዚአብሔር ቢፈቅድና ሐኪም ብሆን፥ በሩቅ ላለ ሰው በስልክ መልስ እሰጣለሁ። ነገር ግን በሌላው ጫፍ ስልኩን የያዘችው የፈራች ልጅ ልትሆን እንደምትችል አልረሳም። «እስቲ ተነሥቶ ይሂድና አሳዪኝ» እላታለሁ። ከዚያም «አሁን ያልሁሽን ድገሚልኝ» እላታለሁ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።